ጥርሳሙ ስሙኒና አንድ አንድ የሚተፋው መኪና

ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በጋላፊ በር የኢትዮጵያን ወሰን የሚሻገረው አውራ ጎዳና ዲቾቶን አቋርጦ ወደ ሰመራ፣ ሚሌንም አልፎ ወደ አዋሽ በሚዘልቅበት በዚያ ሐሩር ምድር፣ ገንዘብ ከመቈጠሩ በፊት ይፈለጥ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም፤ ከዚህ መንገድ በስተሰሜን ርቆ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በተዘረጋው በዳሎል ዙሪያ የጨው ሜዳ፣ የአፋር ሰው ጨውን ከምድር እየፈነቀለና እየጠረበ፣ ደጋው አገር ለብዙ መቶ ዓመታት የተገበያየበትን አሞሌ ሲያወጣ ኖሯልና። አሞሌ ክብ አይደለም፤ ሁለት አሞሌም በመልክና በልክ ፍጹም አንድ ሆነው አይገኙም። ቅርጹ ያልተስተካከለ ገንዘብን አንድ አንድ እያደረገ የሚሰጥ፣ የሰው እጅ ሳይነካው ሳይበዛና ሳያንስ ቈጥሮ የሚተፋ መኪና እንዴት ተገኘ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ ታሪኩ ከአፋር ጨው ጋር ተያይዞ እስከ ጥርሳሙ ስሙኒ ድረስ የሚደርስ ረጅም ጉዞ ነው፤ እኛም ከጥንቱ ጀምረን በቅደም ተከተል እንተርከዋለን።

ገንዘብ ሲጣልበት በራሱ የሚሠራ መሣሪያ ከተጻፈላቸው ሁሉ ቀዳሚው፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ይኖር የነበረው ጠቢቡ ሄሮን የገለጸው ነው። ይህ መሣሪያ በቤተ ጣዖት ደጃፍ የሚቆም ጋን ሲሆን፣ ለመንጻት የሚመጣው ሰው አምስት ድራህማ የሚመዝን ገንዘብ በአፉ ሲጥልበት፣ ገንዘቡ በውስጥ በተንጠለጠለው ዘንግ ጫፍ ላይ ካለች ትንሽ ሳሕን ላይ ያርፍና በክብደቱ ያዘነብላታል፤ ሳሕኗ ስታዘነብል የዘንጉ ሌላ ጫፍ የውኃውን መክደኛ ያነሣል፤ ገንዘቡ ተንሸራትቶ ሲወድቅም መክደኛው ተመልሶ ይዘጋል፤ ሰውየውም የተወሰነች ውኃ ተቀብሎ ይሄዳል። በእኛ አነጋገር ጠበል በልክ የሚያድል ጋን መሆኑ ነው። የሄሮን መሣሪያ የሚጠይቀው ክብደትን ብቻ ስለ ነበር፣ የተጣለው ነገር ክብ ይሁን ማዕዘን፣ ጠርዙ የተቈረሰ ይሁን የተሸረፈ፣ ለእርሱ ግድ አልነበረውም። ይህን የማስታውሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገንዘብ የሚጎርስ መሣሪያ ቅርጽን ሳይመርጥ መሥራት ሲችል፣ ገንዘብ የሚተፋ መሣሪያ ግን ከቅርጽ ጋር ሳይታገል አንዲት እርምጃ መራመድ አይችልምና። በየቤተ ክርስቲያናችን ደጅ የሚቆመው ሙዳየ ምጽዋት ብሩንም ሳንቲሙንም፣ የታጠፈውንም የተጨማደደውንም ሁሉ በአንድ አፍ ይቀበላል፤ መልስ ስጠኝ ያለው ግን የለም።

ሄሮን ካለፈ ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በሦስተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ የአክሱም ንጉሥ እንዱቢስ በስሙ የወርቅና የብር ገንዘብ አሳተመ፤ ንጉሥ ዒዛናም ክርስትናን ሲቀበል ከቀድሞው የጨረቃና የፀሐይ ምልክት ይልቅ መስቀልን በገንዘቡ ላይ አኖረ። በእጅ በመዶሻ እየተመታ የሚታተመው ይህ ገንዘብ ዙሪያው ፍጹም የተስተካከለ አልነበረም፤ በአንዳንዱ የብርና የነሐስ ገንዘብ ላይ ግን የአክሱም አንጥረኞች ወርቅ ቀብተውበት እናገኛለን፤ ይህም ለዓይን የታሰበ ጥበብ ነው። በሰባተኛው መቶ ዓመት የአክሱም ገንዘብ መታተሙ ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ፣ የሐረር አሚሮች ካሳተሙት ከጥቃቅኑ ማሐለቅ በቀር፣ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ድረስ የራሳችን ገንዘብ አልነበረም።

ገንዘብ ተቋረጠ ማለት ግን ግብይት ተቋረጠ ማለት አይደለም። በስድስተኛው መቶ ዓመት አዱሊስን የጎበኘው ኮስማስ፣ የአክሱም ንጉሥ ነጋዴዎች ሳሱ ወደሚባለው አገር በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ወርቅ ፍለጋ ይወርዱ እንደ ነበር ጽፎልናል፤ እንደ ትረካውም ነጋዴው ጨውን በእሾህ አጥር ላይ ያኖራል፣ የአገሩ ሰው መጥቶ የጥራጥሬ ፍሬ የመሰለ የወርቅ እንክብል በአጠገቡ ያስቀምጣል፣ ነጋዴውም ዋጋው ከበቃው ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል፤ ካልበቃው ወርቁን ሳይነካ ይተወዋል፣ ያኛውም ይጨምርበታል ወይም ይዞት ይመለሳል። ቋንቋ ለቋንቋ የማይግባባ ሻጭና ገዢ ያለ አስተርጓሚ፣ ያለ ሚዛንና ያለ መኪና እንዲህ ይለዋወጡ ነበር።

በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመነ መንግሥት ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ፣ ጨው በመላው አገር እንደ ገንዘብ እንደሚሠራና ከሚቈፈርበት ስፍራ እየራቀ በሄደ መጠን ዋጋው እየከበደ እንደሚሄድ መስክሯል። ይህ የአሞሌ ትልቁ ጠባይ ነው። ሳንቲም በአዲስ አበባም በዲቾቶም አንድ ሳንቲም ሲሆን፣ አሞሌ ግን በአፋር ቈላ ከድንጋይ ጥቂት ከፍ ያለ፣ በጎጃምና በከፋ ገበያ የከበረ ነበር፤ ዋጋው በግመልና በበቅሎ እግር ይለካ ነበር ማለት ነው። ቅርጹን ብናይ ከክንድ የሚያንስ ጥርብ ሆኖ መሐሉ ወፈር፣ ሁለቱ ጫፎቹ ቀጠን ያሉ ናቸው፤ በመንገድ እንዳይሰበርም ወገቡ በልጥ ይታሰራል። ጫፉ የተሸረፈ፣ እርጥበት የበላው፣ ሰያፍ ተጠርቦ የወጣ አሞሌ ሲቀርብለት፣ ነጋዴው በመዳፉ ይመዝነዋል፣ በጣቱ ያንኳኳዋል፣ በጎኑም ይዳብሰዋል፤ ዝርዝር ያስፈለገው እንደ ሆነም ይሰብረዋል። ለዚህ ገንዘብ የሚሆን መኪና አሳብ በማንም አእምሮ አልመጣም፤ ቢመጣም ከንቱ ይሆን ነበር፤ ምክንያቱም መኪና ሊቈጥር የሚችለው አንዱ ሌላውን የሚመስለውን ነገር ብቻ ነው፤ አሞሌ ደግሞ እያንዳንዱ ለራሱ አንድ ፍጥረት ነው።

አንዱ ሌላውን ፍጹም የሚመስል ገንዘብ ወደ አገራችን የመጣው ከኦስትሪያ ነው። የንግሥት ማርያ ትሬዛ ብር፣ በእኛ አጠራር ጠገራው ወይም ማርትሬዛው፣ ከ28 ግራም ጥቂት የሚያልፍ ክብደት ያለው፣ ከሺሕ 833 እጁ ንጹሕ ብር የሆነ ሲሆን፣ ንግሥቲቱ በሞተችበት ዓመት፣ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1780፣ የተቀረጸበት ዓመት ሳይለወጥ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ሲታተም ኖረ። ዓመቱን መለወጥ ያልተቻለበት አንዱ ምክንያት የእኛ ሰው ጠንቃቃነት ነው፤ ነጋዴው የንግሥቲቱን ዘውድና በትከሻዋ ያለውን ጌጥ እያየ፣ ዕንቊዎቹንም በጣቱ እየቈጠረ፣ ከለመደው ምስል ጥቂት የተለየውን ሁሉ ይመልሰው ነበርና። የአፋር፣ የወሎና የሐረርጌ ሴቶች ጠገራውን በስተው በአንገታቸው ሲያንጠለጥሉት፣ ባንክ ከመምጣቱ በፊት ባንክን በአንገታቸው ይዘው ይዞሩ ነበር። ሆኖም ጠገራ ለጨው፣ ለበርበሬና ለእንጀራ ግዢ እጅግ የገዘፈ በመሆኑ፣ ለዝርዝር የሚያገለግለው እንደ ቀድሞው አሞሌ ነበር፤ ከዚያም የጠመንጃ ጥይት በብዙ ስፍራ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሆኖ ሠርቷል። ጥይት፣ ቅርጹ ምንም እንኳ ለሌላ ግብር የታሰበ ቢሆን፣ አንዱ ከሌላው በልክ የማይለይ በመሆኑ፣ ከአሞሌ ይልቅ ለቈጠራ የተመቸ ገንዘብ እንደ ነበር ሳንጠቅስ አናልፍም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. በአዋጅ ሥርዐቱን ሠርተው ገንዘባቸውን በፓሪስ ሲያሳትሙ፣ ብሩ በክብደቱ ከጠገራው ጋር እንዲተካከል፣ ከእርሱም በታች አላድ የብር እኩሌታ፣ ሩብ የብር አራተኛ እጅ፣ ተሙን የብር ስምንተኛ እጅ ሆነው እንዲወጡ አደረጉ፤ ግርሽም ከእነርሱ በታች ነበረ። መጀመሪያው 1887 የሚል ዓመት ያለበት ይህ ገንዘብ ሁሉም ክብ፣ ሁሉም በመኪና የተመታ፣ ጠርዙም የተስተካከለ ነበር። በከተማ ተወደደ፤ በገጠር ግን፣ ነጋዴው ለጠገራው ያለውን እምነት ለአዲሱ ብር በአንድ ጊዜ ለመስጠት አልፈቀደም፤ አሞሌውም ሥራውን አልተወም።

በዚያው ዘመን፣ በባሕር ማዶ፣ የነገራችን ዋና ባለታሪክ የሆነው መኪና መወለድ ጀመረ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1880ዎቹ ፐርሲቫል ኤቨሪት በለንደን ከተማ ሳንቲም ሲጣልበት የደብዳቤ ካርድ የሚሰጥ መኪና አቆመ፤ በ1889 ዊልያም ግሬይ በአሜሪካ ሳንቲም የሚጎርስ የሕዝብ ስልክ አወጣ፤ በ1890ዎቹም ኤድዋርድ ብራንት የተባለ የዊስኮንሲን ሰው፣ ገንዘብ ያዡ አንዲት ቁልፍ ሲጫን የተፈለገውን መልስ በትክክል አሰባስቦ በአሸንዳ የሚያፈስስ መኪና ሠራ። የዚህ መኪና አሠራር ሲያዩት ቀላል ነው። ሳንቲሞቹ ቀጥ ባለ ቱቦ ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራሉ፤ ከታች የመጨረሻው ሳንቲም በጠፍጣፋ ወለል ላይ ያርፋል፤ በጎን በኩል አንድ ሳንቲም የሚያሳልፍ፣ ሁለት ግን የማያሳልፍ ቀዳዳ ይተዋል፤ ከኋላም ከሳንቲሙ ውፍረት ጥቂት የሚሳሳ ምላስ፣ በሞላ እየተገፋ፣ የታችኛውን ሳንቲም በዚያ ቀዳዳ ያስወጣዋል፤ ምላሱ ሲመለስ የላይኛው ሳንቲም በራሱ ክብደት ወርዶ የወጣውን ይተካል። በኋላ የባቡርና የአውቶቡስ ቲኬት ቈራጮች በቀበቷቸው ላይ የሚያስሩት፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ቀጭ እያለ አንድ አንድ ሳንቲም በመዳፍ ላይ የሚጥለው ባለ ብዙ ቱቦ መሣሪያም የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። ምስጢሩ ሁሉ ያለው በእኩልነት ላይ ነው፤ ከሳንቲሞቹ መካከል አንዱ ከወፈረ ቀዳዳው ያንቀዋል፣ አንዱ ከሳሳ ሁለቱ ተደርበው ይወጣሉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ ተከፈተ፤ 1923 የሚል ዓመት የተቀረጸባቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መቶኛዎች፣ አንድና አምስቱ የመዳብ፣ አሥሩ፣ ሃያ አምስቱና አምሳው የኒኬል ሆነው ወጡ። ከዚያ የመጣው የጠላት ወረራ ሊሬን ይዞ መጣ፤ ፋሽስቱ መንግሥት ግን ሕዝቡ ሊሬን እንደማይቀበል ዐውቆ ስለ ነበር፣ በ1927 ዓ.ም. የማርያ ትሬዛን ማተሚያ ከቪየና አስመጥቶ በሮማ ጠገራ እስከ ማተም ደርሷል። የድል ዘመን ሲመጣም የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ገባ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልብ እንደርሳለን። በ1934 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ከተቋቋመ በኋላ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት በዓል፣ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በሥራ ላይ ዋለ። የወረቀቱ ብር በመቶ ሳንቲም የተከፈለ ሲሆን፣ ሳንቲሞቹ በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ታተሙ፤ ከአንድ እስከ ሃያ አምስት ያለው ከመዳብ፣ አምሳ ሳንቲሙ ግን ከብር ተሠራ፤ ለዚህም የአሜሪካ መንግሥት 5.4 ሚሊዮን አውንስ ገደማ የሚሆን ብር በብድር ሰጠ። አንድ የኢትዮጵያ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይመነዘር ስለ ነበር፣ አምሳ ሳንቲሙ እስከ ዛሬ ሽልንግ የሚለውን ስም ይዞ ቀረ፤ ሃያ አምስቱም ስሙኒ ተባለ። በእነዚህ ሳንቲሞች ሁሉ ላይ የተቀረጸው ዓመት 1936 ነው፤ የጠገራው ዓመት በ1780 ላይ እንደ ቆመ፣ የእኛም ዓመት በ1936 ላይ ቆሞ፣ ለብዙ ዘመን ሳይለወጥ እየታተመ ኖረ።

ችግሩ የተነሣው በስሙኒና በሽልንግ መካከል ነው። ሁለቱም ክቦች፣ በስፋታቸውም እጅግ የተቀራረቡ ነበሩ፤ የሚለያዩት በዋናነት በቀለም ነው፣ አንዱ ቀይ መዳብ ሌላው ነጭ ብር። ማንበብ የማያውቅ ገበሬ በደብዛዛ መብራት ሥር፣ ወይም ዓይነ ስውሩ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ አንዱን ከሌላው እንዴት ይለይ? መዳቡን በቀጭን ብር ለብጦ ሃያ አምስቱን በአምሳ ለማሳለፍ ለሚያስብ አታላይ ሰውም ከዚህ የተመቸ ነገር አልነበረም። በዚህ ምክንያት ክቡ ስሙኒ በ1944 ዓ.ም. ገደማ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ በ1944 እና በ1945 ዓ.ም. በምትኩ የወጣው ስሙኒ፣ ምስሉና ዓመቱ የቀድሞው ሆኖ፣ ዙሪያው ግን እንደ አበባ ቅጠል ገባ ወጣ ተደርጎ የተተረተረ ሆነ። ከእነዚህ ጥርሳም ስሙኒዎች መካከል ጠርዛቸው ሻካራ የሆነም፣ የጠራና የለሰለሰም ይገኛል።

ይህ ብልሃት ለእጅ የተደረገ ፍጹም ጥበብ ነው ብዬ ልመሰክር እወዳለሁ። ጨለማ ቢሆን፣ ኪስ ውስጥ ቢሆን፣ በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ቢሆን፣ ጣት አንድ ጊዜ ሲዳብሰው ስሙኒነቱ ይታወቃል፤ በብርም ቢለብጡት ጥርሱን የሚደብቅለት የለም። የመንግሥቱ ሹማምንት ከባሕር ማዶ ተምረው ይሁን ከገበያው ጩኸት፣ ያገኙት መፍትሔ አሞሌን በጎኑ እየዳበሰ ለሚቀበለው ለዚያው ሕዝብ የሚስማማ ነበር። ከአሞሌ እስከ ስሙኒ ድረስ፣ በዚህ አገር ገንዘብን የሚያውቀው ዓይን ብቻ አልነበረም፤ ጣትም ነበረ።

ለጣት የተመቸው ግን ለመኪና መከራ ነው። በቱቦ ውስጥ ቢደረድሩት፣ ጥርሳሙ ስሙኒ የጥርሶቹን ጫፍ የሚያሳልፍ ስፋት እስከ ተሰጠው ድረስ ይወርዳል፤ ነገር ግን ምላሱ ሊገፋው ሲመጣ አንድ ጊዜ ጥርሱን፣ አንድ ጊዜ ገባ ያለውን ስፍራ ያገኛል፤ ስለዚህ የሚገፋበት ርቀት አይወሰንም፣ ሳንቲሙም ወደ ጎን እየዞረ በቀዳዳው ላይ ይጋደማል። በሐዲድ ላይ እንዲንከባለል ቢተዉት ደግሞ እየተንገጫገጨ ይሄዳል፤ ቁመቱ በየጥርሱ ይለዋወጣልና በቁመት የሚለይ መኪና ያለበትን ደረጃ አያውቅም። ከሁሉ የከፋው ሳንቲሞች ጎን ለጎን ተሰልፈው በአንድ መስመር ሲገፉ ነው፤ የአንዱ ጥርስ በሌላው ገባ ባለ ስፍራ ውስጥ ይሰካና፣ እንደ ሁለት ማርሽ ይያያዛሉ፤ ሲያያዙ መስመሩ ያጥራል፣ ሲላቀቁ ይረዝማል፤ ሃያ ሳንቲም በዚህን ያህል ርዝመት ላይ ይሰለፋል ብሎ የቈረጠው መኪና አሥራ ዘጠኝ ወይም ሃያ አንድ ይተፋል፤ ወይም ከነጭራሹ ይነክስና ይቆማል። ጥርሱ ጥንድ ከሆነ ነገሩ የባሰ ይከፋል፤ ጥርስ ከጥርስ ትይዩ፣ ገባ ያለው ከገባው ትይዩ ስለሚሆን፣ በአንድ በኩል ሰፊ በሌላ በኩል ጠባብ ይሆናል፤ ጥርሱ ጎዶሎ ከሆነ ግን ጥርስ ከገባው ስፍራ ትይዩ ይውልና ስፋቱ በየአቅጣጫው ይቀራረባል። ይህችን የጎዶሎ ቁጥር ምስጢር ልብ እንበላት፤ ኋላ ትመለሳለችና።

በአገራችን ግን ማንም በስሙኒው አልተቸገረም፤ የሚቈጥረው ሰው ነበርና። ገንዘብ ያዡ በጠረጴዛው ላይ እየደረደረ በአውራ ጣቱ ይጠርጋቸዋል፤ ቲኬት ቈራጩ ተሳፋሪው እንደ አሣ በታጨቀበት አውቶቡስ ውስጥ፣ ዓይኑን ከደጁ ሳያነሣ፣ በኪሱ ውስጥ ስሙኒውን ከአሥሩ ለይቶ ያወጣል፤ የጉልት ሴት ከቀሚሷ እጥፋት መልስ ስትሰጥ አታይም፣ ትዳብሳለች እንጂ። በኋላ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የቆመው የሳንቲም ስልክም የሚጎርስ እንጂ መልስ የሚተፋ አልነበረም።

ጥርሳም ገንዘብ የእኛ ብቻ አልነበረም። ሱዳን ነፃነቷን ባገኘችበት በ1956 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከቀረጸቻቸው ጥቃቅን ገንዘቦች መካከል ጥርሳሞች ነበሩ፤ ሕንድም በ1957 ሩፒዋን በመቶ ስትከፍል አሥሩን ጥርሳም፣ አምስቱን አራት ማዕዘን አደረገች፤ ኋላም ሆንግ ኮንግ ይህንኑ ተከተለች። ቅርጹ በእነዚህም አገሮች የሚያገለግለው እኛን እንዳገለገለን ነው፤ ገንዘቡ በጣት ቋንቋ እንዲናገር። ነገር ግን ሽያጭ የሚያደርግና መልስ የሚሰጥ መኪና በየጣቢያው የቆመባቸው አገሮች ጣትንና መኪናን አስታርቆ የሚያስማማ ቅርጽ መፈለግ ነበረባቸው።

ዕርቁን ያገኘችው እንግሊዝ ናት። በጥቅምት 14 ቀን 1969 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፣ የአሥር ሽልንግ ወረቀትን የሚተካ ሰባት ጎን ያለው አምሳ ፔንስ በገበያ ላይ ዋለ። ሰባቱ ጎኖች ቀጥ ያሉ መስመሮች አይደሉም፤ እያንዳንዱ ጎን ከትይዩው ማዕዘን ላይ በተሳለ ክብ የተቈረጠ ቅስት ነው፤ በዚህም ምክንያት በየትም በኩል ቢለኩት ስፋቱ አንድ ነው። ይህን ዓይነት ቅርጽ በስሙ የሚጠሩለት ፍራንዝ ሬሎ የተባለው የጀርመን የመኪና ሊቅ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በጥልቅ መርምሮታል። ሰባት ጎዶሎ ቁጥር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ጣት ማዕዘኑን ዳብሶ ያውቀዋል፤ መኪናው ግን ስፋቱን ሲለካው ክብ መስሎ ይታየዋል። በ1982 ሃያ ፔንስም በዚሁ ምሳሌ ተሠራ።

ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው መኪና ቱቦውን ትቶ ሳሕን ያዘ። ሳንቲሞች ሳይደረደሩ እንደ ጥራጥሬ በቋት ውስጥ ይፈሳሉ፤ ከታች ዙሪያውን የተበሳ ዲስክ በሞተር ኃይል ይዞራል፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ሳንቲም ብቻ በጠፍጣፋነቱ ይይዛል፤ ዲስኩ ሲዞር የተያዘው ሳንቲም ከክምሩ ተለይቶ ይሄድና በአንድ ስፍራ ላይ ከሁለት ጣት መሰል ዘንጎች ጋር ሲገናኝ፣ በሞላ የተወጠረው ጣት ከቀዳዳው አስፈንጥሮ ወደ ውጭ ይጥለዋል፤ ሲወጣም አንድ ተብሎ ይቈጠራል። እዚህ ላይ ሳንቲም ለብቻው ቤት ያገኛል፤ ባልንጀራው በጥርሱ አይነክሰውም፤ ቀዳዳው ጥርሱን የሚያሳልፍ ስፋት፣ ጥልቀቱም ከአንድ ሳንቲም ውፍረት የማይበልጥ እስከ ሆነ ድረስ ጥርሳሙም ማዕዘናሙም በየተራው ይወጣል። ቋቱ እንዳይጨናነቅ ዲስኩ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ወደ ፊት ይዞራል፤ እህል የምትነፋ ሴት ወንፊቷን እንደምትነቀንቅ ዓይነት ነው። ሳንቲሙ እውነተኛ መሆኑንም ከቅርጹ ይልቅ በብረቱ ዓይነት የሚመረምር የኤሌክትሪክ ጥቅል ሽቦ ሲመጣ፣ የቅርጽ ጭንቀት ይበልጥ ቀለለ።

ይህ መኪና በባሕር ማዶ በበረታበት ዘመን ግን፣ ሊተፋው የሚችለው ጥርሳም ስሙኒ ከእኛ ገበያ ወጥቶ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ የወጡት ሳንቲሞች 1969 የሚል ዓመት ይዘው፣ በአንድ ወገን የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ወገን በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ የጦር መሣሪያ የያዘ ሰው፣ ኒያላና እጃቸውን ያነሡ ሰዎች የተቀረጹባቸው ሆነው ሲመጡ፣ ሁሉም ክቦች ነበሩ። ለማስታወስ ያህል፣ የእንግሊዙ 1969 ከእኛው 1969 በሰባት ዓመት ገደማ ይቀድማል፤ ቁጥሩ አንድ፣ ዘመኑ ሁለት ነው። አዲሱ ስሙኒ ክብ ሲሆን በቀለሙና በስፋቱ ከሌሎቹ እንዲለይ ተደረገ፤ ጥርሱም በዚያው ቀረ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከሁለት ብረት የተሠራው የአንድ ብር ሳንቲም መጣ፤ በአንድ ገጹ የአንበሳው ራስ፣ በሌላው ሚዛን አለበት። ሚዛን የተቀረጸበት ይህ ሳንቲም ዛሬ በገበያ የሚገዛው ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

በዲቾቶ በኩል ከጅቡቲ የሚመጣው የከባድ መኪና ሹፌር፣ በመንገድ ዳር ሻይ ቤት አረፍ ብሎ ሲከፍል፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ስልኩን አውጥቶ በቴሌብር መክፈል ይቻለዋል፤ ከአፍዴራ ሐይቅ የሚወጣው ጨውም በጆንያ ተጭኖ ወደ ደጋ ይወጣል፤ አሞሌ ሆኖ ሳይሆን በኪሎ ተመዝኖ። አርሖ የሚባለው የጨው ቅፍለት ግመሎች ግን በሰሜን፣ በበራህሌ በኩል፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የተጠረበ ጨው ሲያወጡ ታይተዋል። ጥርሳሙን ስሙኒ የሚፈልግ ሰው በአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች መደብ ላይ ያገኘዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖም ቢሆን ከሌሎቹ መካከል መርጦ ሊያወጣው ይችላል። በላዩ የተጻፈው ዓመት 1936 ነው፤ ጥርስ ያወጣው ግን በ1944 ዓ.ም. ነው።